ክላራ ዘአሲሲ፦ ያለ እህቶቿ ምክር ዕዳ ያልገባች እናት



ባለፈው ስብሰባችን ስለ ወፍጮው ብድር የተነሣውን ክርክር ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ከተማም ሆነ ከገጠር ቀበሌ የመጣችሁ ሁሉ ታስታውሱታላችሁ። ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ቀን ይባክናል፣ ክረምቱም እየገባ ስለሆነ የገጠር እህቶቻችን ጭቃውንና ወንዙን ተሻግረው ለመምጣት ይቸገራሉ፣ ስለዚህ እኛ የኮሚቴ አባላት ፈርመን እንጨርሰው ብዬ የተናገርኩት እኔ ነበርኩ። ከማንኩሳ በኩል የሚመጡ አንዲት እናት ብድግ ብለው፣ ዕዳው የሚመጣው በሁላችን ደጅ ከሆነ ወሬውም አስቀድሞ በሁላችን ጆሮ ይግባ አሉ። ብዙዎቻችሁ አጨበጨባችሁ። እኔ ግን እንዳልታመንኩ ቆጥሬው ቅር ብሎኝ ወደ ቤቴ ገባሁ።

በዚያው ሰሞን በጋዜጣችን ላይ ጽሑፍ የማቅረብ ተራ ደረሰኝ። ምን ልጻፍ ብዬ ሳስብ በልጅነቴ የሰማሁት የአንዲት ሴት ታሪክ ትዝ አለኝ።

ያን ጊዜ ጥልፍና ስፌት ያስተማሩን አንዲት የፍራንቸስኮስ ማኅበር ሲስተር ነበሩ። ወገባቸውን በነጭ ገመድ ይታጠቁ ነበር። በገመዱ ላይ ያሉት ሦስት ቋጠሮዎች ምንድን ናቸው ብለን ብንጠይቃቸው፣ ድህነት፣ ንጽሕናና ታዛዥነት ናቸው አሉን። ሁለቱን ከገዳም እናቶቻችን እናውቃቸዋለን። ድህነትን ግን ሰው እንዴት ተስሎ ይገባበታል ብለን እርስ በርሳችን ተሳሳቅን። እኛ እኮ መርፌና ክር የያዝነው ከድህነት ለመውጣት ነበር። ሲስተር አልተቆጡንም። ጥልፋችንን እየተመለከቱ የክላራን ታሪክ ጀመሩልን። እኔ የተዋሕዶ ልጅ ነኝ፣ ሃይማኖቴም ያው ነው። ታሪኩ ግን ከአእምሮዬ አልጠፋም፤ አሁን ደግሞ የተጻፈውን ፈልጌ አነበብኩ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመኳንንት ልጅ

ክላራ በኢጣሊያ አገር በአሲሲ ከተማ በ1193 ወይም በ1194 ተወለደች። በእኛ አገር ዘመኑ የዛጔ ነገሥታት፣ የቅዱስ ላሊበላ ዘመን ነበር። አባቷ ፋቫሮኔ ከከተማው መኳንንት አንዱ ነበር። እናቷ ኦርቶላና እስከ ኢየሩሳሌም ድረስ ሄዳ የተሳለመች፣ በጸሎት የታወቀች ሴት ነበረች። ክላራ በዚያ ሰፊ ቤት ስታድግ ከሚቀርብላት ምግብ እያስቀረች በስውር ለድሆች ትልክ እንደነበር የሚያውቋት በኋላ መስክረዋል።

ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ቤተሰቧ ሊድሯት ፈለጉ። እሷ ግን እሺ አላለችም። በዚያው ከተማ ፍራንቸስኮስ የሚባል የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነበር። የአባቱን ሀብት ትቶ፣ የለበሰውን ልብስ ሳይቀር በጳጳሱ ፊት አውልቆ ለአባቱ መልሶ፣ ከድሆችና ከለምጻሞች ጋር መኖር ጀምሮ ነበር። ግማሹ ሰው አበደ ይለዋል፤ ግማሹም ይከተለዋል። ክላራ ስብከቱን ሰማች። ከዚያ በኋላ አንዲት የምታምናትን ሴት አስከትላ በስውር እየሄደች ምክሩን ትጠይቀው ጀመር።

በ1212 በሆሳዕና ሌሊት ክላራ ከአባቷ ቤት ወጣች። ዕድሜዋ 18 ዓመት ገደማ ነበር። ሰው እንዳያያት ብላ በዋናው በር አልሄደችም። ከባድ እንጨትና ድንጋይ ተደርድሮበት የተዘጋ ሌላ በር ነበር፤ ያንን ብቻዋን በእጇ አንሥታ ከፈተችው። ጠዋት ያዩት ሰዎች ያን ሁሉ አንዲት ልጃገረድ ማንሣቷ ገርሟቸው እንደነበር ተመስክሯል። ከከተማው ወርዳ ፍራንቸስኮስና ወንድሞቹ ችቦ ይዘው ወደሚጠብቋት ፖርዚዩንኮላ ወደምትባለው ትንሽ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ደረሰች። በዚያ ጸጉሯን ተቆረጠች፤ የሐር ልብሷን ጥላ ሻካራ ልብስ ለበሰች።

በእኛ አገር ሽማግሌ ተልኮ፣ ጥሎሽ ተቆርጦ፣ ሙሽራይቱ ጠፋች ቢባል የሚሆነውን እናውቃለን። እዚያም የሆነው ይኸው ነው። ዘመዶቿ ተሰብስበው ካስጠጓት ገዳም ድረስ መጡ። መጀመሪያ ለመኗት፣ አባበሏት፤ አልሆን ሲል ጎትተው ሊያወጧት ሞከሩ። እሷም የመንበሩን ልብስ በአንድ እጇ ይዛ፣ በሌላው ሻሿን አውልቃ የተቆረጠውን ጸጉሯን አሳየቻቸው። ያን ጊዜ ነገሩ እንዳበቃ ገባቸው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ደግሞ ታናሽ እህቷ ካተሪና ተከትላት መጣች። አጎታቸው ወንዶች አስከትሎ መጥቶ ልጅቱን ደብድበውና በጸጉሯ ጎትተው ወደ ታች ሊያወርዷት ሲሞክሩ፣ ክላራ ስትጸልይ ልጅቱ እንደ ድንጋይ ከብዳ አልነቃነቅ አለቻቸው ተብሎ ይተረካል። ያቺ እህት በኋላ አኜስ ተባለች። ከብዙ ጊዜ በኋላ እናታቸው ኦርቶላናም፣ ሦስተኛዋ እህታቸው ቤያትሪቼም ወደ እነሱ መጥተው መነኮሱ። ያ ሁሉ ጠብ የተነሣበት ቤት ሴቶቹ በመጨረሻ ከክላራ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር አደሩ።

ለምን ድህነትን?

እህቶቹ የተቀመጡት ከአሲሲ ግንብ ውጭ ባለችው ሳን ዳሚያኖ በምትባል ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነው። ፈርሳ የነበረችውን ይህችን ቤተ ክርስቲያን ፍራንቸስኮስ ቀደም ብሎ በገዛ እጁ ጠግኗት ነበር። ክላራ ከዚያ ቤት እስከ ሞተች ድረስ ለ40 ዓመት ያህል አልወጣችም።

ከዚያ በፊት የአባቷን ርስት ድርሻ ሸጣ ገንዘቡን ለድሆች ሰጥታለች። ዘመዶቿ ከሌላው ገዥ የበለጠ ዋጋ እንስጥሽና ለእኛ ሽጪልን ቢሏትም እምቢ አለች። የድሆቹ ድርሻ እንዳይጓደል ሠግታ ነው ይባላል።

እኔና ጓደኞቼ የሳቅንበት ድህነት ይህ ነው። ሳነብ እንደተረዳሁት በዚያ ዘመን በአውሮፓ የሴቶች ገዳም ማለት ብዙ ጊዜ ባለርስት ቤት ነበር። በእኛ አገር እንደ ጉልት ያለ መሬት ነበረው፤ ጭሰኛ ነበረው፤ ሙግት ነበረው። የምትገባውም ሴት ብዙውን ጊዜ ከቤቷ ሀብት ይዛ ትመጣለች፤ የመኳንንት ልጅ እመቤት ሆና፣ የድሃ ልጅ አገልጋይ ሆና በአንድ ገዳም ይኖራሉ። መሬቱን የሰጠ ጌታም በቤቱ ጉዳይ እጁን ያስገባል። ክላራ መሬትን እምቢ ስትል ይህን ሁሉ እምቢ ማለቷ ነበር። በእሷ ቤት ለመግባት የሚፈልጉ ካላቸው ሸጠው ለድሆች ይስጡ፤ የሌላቸው በጎ ፈቃዳቸው ብቻ ይበቃል። ስለምትገባው ሴት ሀብትም እናቲቱ ጣልቃ እንዳትገባ ከለከለች።

ይህን አቋሟን ሊያስለውጧት የሞከሩት ትንንሽ ሰዎች አልነበሩም። በ1228 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 9ኛ ወደ አሲሲ መጥተው፣ ዘመኑ ክፉ ነውና ለክፉ ቀን የሚሆን ንብረት ተቀበዪ አሏት። ስእለትሽን ፈርተሽ ከሆነ እኔ እፈታሻለሁ ቢሏትም፣ ከኃጢአት መፈታትን እንጂ ክርስቶስን ከመከተል መፈታትን እንደማትፈልግ በትሕትና መለሰችላቸው። በዚያው ዓመት ማንም ንብረት እንድትቀበል እንዳያስገድዳት የሚያደርግ ደብዳቤ በፊርማቸው ሰጧት።

ሌላ ጊዜ ደግሞ እኒሁ ጳጳስ የፍራንቸስኮስ ወንድሞች ያለ ፈቃድ ወደ እህቶች ቤት ሄደው እንዳይሰብኩ ከለከሉ። ለእህቶቹ ምግብ የሚለምኑላቸው ወንድሞች ግን እንዲቀሩ ፈቀዱ። ክላራ የነፍስ ምግብ የሚሰጡን ከተከለከሉ የሥጋ ምግብ የሚያመጡልንም ይሂዱ ብላ ሁሉንም አሰናበተቻቸው። ቤቱ ሊራብ ሲሆን ጳጳሱ ክልከላቸውን አላሉ። ድምፅዋን ሳታሰማ፣ ማንንም ሳትሳደብ፣ እንጀራውን መልሳ አሸነፈች።

የዕለት ኑሮ

በሳን ዳሚያኖ እስከ 50 የሚደርሱ እህቶች ይኖሩ እንደነበር ይነገራል። የሚኖሩት በእጃቸው ሥራና ሰው በሰጣቸው ነበር። ክላራ እናታቸው ብትሆንም ለእጃቸው ውኃ ታፈስላቸዋለች፤ የታመሙትን ራሷ ታጥባለች። ሌሊት ተነሥታ መብራት አብርታ ለጸሎት ትቀሰቅሳቸዋለች፤ በብርድ ጊዜ በተኙበት እየዞረች የተገለጡትን ታለብሳለች። ለሥራ ውጭ ውለው የሚመለሱትን እህቶች እግር ታጥብ ነበር። አንድ ቀን አንዷ አፍራ እግሯን ስትስብ የክላራን አፍ መታችው። ክላራ ግን እግሩን ቀስ ብላ መልሳ ይዛ ሳመችው።

ችግር በደጃቸው አይጠፋም ነበር። አንድ ቀን ዘይት አለቀ። ክላራ ማሰሮውን አጥባ የሚለምንላቸው ወንድም እንዲወስደው በግንቡ ላይ አስቀመጠችው። እሱ ሲመጣ ሞልቶ አገኘው፤ እህቶቹ ሊቀልዱብኝ ነው እንዴ የጠሩኝ ብሎ አጉረመረመ ይባላል። ሌላ ቀን ከአንድ ዳቦ በቀር በቤት የለም። ግማሹን ለወንድሞች ላከች፤ ግማሹን 50 ቦታ ቁረጪው ብላ አዘዘች፤ ለሁሉም በቃ። ተአምሩን የሚያምን ያምናል። እኔን የያዘኝ ግን ያላቸው አንድ ዳቦ ሆኖ ሳለ ግማሹ ወደ ውጭ መሄዱ ነው።

ጾሟ ከባድ ነበር። በሳምንት ሦስት ቀን ምንም አትቀምስም ነበር። በኋላ ፍራንቸስኮስና የአሲሲው ጳጳስ በየቀኑ ጥቂትም ቢሆን እንጀራ እንድትበላ አዘዟት፤ ታዘዘች። ሰውነቷ ግን ተጎድቶ ስለነበር ከ30 ዓመት ዕድሜዋ ጀምሮ እስከ ሞቷ 28 ዓመት ያህል ታማ ኖረች። እሷ ራሷ በጎለመሰች ጊዜ ለሌሎች ስትጽፍ በጾም አካላችሁን አትጉዱ ብላ መክራለች። የጻፈችላት የቦሄሚያ ንጉሥ ልጅ አኜስ ዘፕራግ ነበረች። እሷም ንጉሠ ነገሥት ለጋብቻ ቢጠይቃት እምቢ ብላ በከተማዋ ሆስፒታልና ገዳም ያቋቋመች ሴት ናት። ክላራ ለአኜስ የላከቻቸው አራት ደብዳቤዎች ዛሬም አሉ።

በአልጋ ላይ ሳለችም እጇ አልቦዘነም። ከኋላዋ ደግፉኝ ብላ ተቀምጣ ፈትል ትፈትል ነበር። ከፈተለችው ክር የሚሠራው ነጭ ጨርቅ በአሲሲ ዙሪያ ላሉ ቤተ ክርስቲያናት ለቅዳሴ አገልግሎት ይላክ ነበር። እንዝርት ይዛ የማታውቅ የጎጃም ሴት የለችምና ይህን ስታነቡ ጥጡን፣ ክሩን፣ የደከመ ክንድ ሲዝል የሚሰማውን ሁሉ ታውቁታላችሁ።

በ1240 የንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ 2ኛ ቅጥረኛ ወታደሮች ወደ አሲሲ ሲመጡ ከከተማው ግንብ ውጭ ያለው የእህቶቹ ግቢ መጀመሪያ ተደፈረ። ወታደር ግቢ ሲገባ ሴት ምን እንደምትፈራ እዚህ መጻፍ አያሻኝም። ክላራ ታማ ተኝታ ነበር። ደግፈው ወደ በሩ አወጧት፤ ቅዱስ ቍርባኑ ያለበትን ሣጥን ከፊቷ አስደርጋ ተንበርክካ እያለቀሰች ጸለየች። ወታደሮቹ ማንንም ሳይነኩ ሄዱ።

ደንቡን ራሷ ጻፈች

አሁን ወደ ወፍጮው ነገር ልመለስ ነው።

ለክላራና ለእህቶቿ ወንዶች አባቶች በተደጋጋሚ ደንብ ጽፈው ሰጥተዋቸው ነበር። እሷ ግን ኑሯችንን የምናውቀው እኛ ነን ብላ በመጨረሻ የራሷን ጻፈች። ለሴቶች ገዳም በሴት ተጽፎ በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት የጸደቀ የመጀመሪያው ደንብ ይህ ነው።

በዚያ ደንብ እናቲቱ የምትመረጠው በሁሉም እህቶች ነው፤ ለሥራው ካልበቃች ሌላ ይመርጣሉ። ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ሁሉም ይሰበሰባሉ። በስብሰባው እናቲቱ የቤቱን ጉዳይ ሁሉ ታማክራለች፤ የትንሿንም አሳብ ትሰማለች፤ እግዚአብሔር የተሻለውን ነገር ብዙ ጊዜ ለትንሿ ይገልጣልና። ከባድ ዕዳ ያለ ሁሉም ስምምነትና ያለ ግልጽ ችግር አይገባም። ሥራው በስብሰባ፣ በሁሉም ፊት ይከፋፈላል። ሰው ምጽዋት ሲልክ ማን ምን እንደላከ በስብሰባ ይነገራል፤ ለሰጪው አብረው እንዲጸልዩ። ለአንዷ እህት ከዘመዶቿ ስጦታ ቢመጣላት ይሰጣታል፤ ካላስፈለጋት ለተቸገረች እህት ትሰጣለች። የታመሙት ላባ የተሞላ ትራስና የሱፍ ካልሲ ይፈቀድላቸዋል። ካልሲ እንኳ በደንብ ውስጥ ተጽፏል።

በአንድ ነገር ግን ከእሷ እንለያለን። ደንቡ ማንበብ የማያውቁ እህቶች ለመማር አይጨነቁ ይላል፤ እነሱ በመጽሐፍ ፈንታ አባታችን ሆይ እየቆጠሩ ይጸልያሉ። እኛ ግን በማታ ትምህርታችን ስማቸውን መጻፍ የቻሉትን እናቶች ስናይ የተሰማንን ደስታ አንተውም።

ዕዳን የሚመለከተውን ቃል ሳነብ የማንኩሳዋ እናት ፊት ታየኝ። እሳቸው ሊጠሩኝ የፈለጉት ወደዚህ ነበር። ኮሚቴ የሆንነው ቀን ስላሳጠርን አይደለም፤ የሁሉንም ጆሮና አፍ ለማገናኘት ነው። የክላራ ቤት መሬት ሳይኖረው 40 ዓመት የቆመው፣ እያንዳንዷ እህት ቤቱ የእኔ ነው እንድትል የሚያደርግ ነገር ስለነበረው ይመስለኛል።

ፍጻሜዋ

ክላራ ደንቡ ሳይጸድቅ እንዳትሞት ትመኝ ነበር። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖሰንት 4ኛ ራሳቸው መጥተው ጠየቋት። ነሐሴ መጀመሪያ 1253 ላይ ደንቡን በማኅተማቸው አጸደቁት። የታተመው ወረቀት በእጇ ሲገባ ሳመችው። በማግስቱ፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 11 ቀን 1253 ዐረፈች። በእኛ አቆጣጠር መታሰቢያዋ ነሐሴ 5 ነው፣ በፍልሰታ ጾም መካከል። ዕድሜዋ 60 ገደማ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት አሌክሳንደር 4ኛ ቅድስት ብለው አወጁላት። ያ ወረቀት ለብዙ ዘመን ጠፍቶ ቆይቶ በ1893 ከልብሷ ጋር ተጠቅልሎ ተገኘ።

በእኛም አገር

ይህን ታሪክ የውጭ አገር ነገር ነው የምትል ካለች ወደ ጣና ሐይቅ ትመልከት። ከክላራ 400 ዓመት ያህል በኋላ ወለተ ጴጥሮስ የመኳንንት ወገን፣ የባለሥልጣን ሚስት ሆና ሳለች ባሏንና ቤቷን ትታ ወጣች። አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት በተቀበሉ ጊዜ ተቃውማ ስለ ተዋሕዶ ተሰደደች። ወንዶችና ሴቶች እየተከተሏት በየቦታው ማኅበር አቋቋመች፤ ከጓደኛዋ ከእኅተ ክርስቶስ ጋር ማኅበሩን መራች። በ1642 ዐረፈች፤ ገድሏ በ1672 ተጻፈ፤ በቋራጣም ስሟ ይጠራል። ክላራና ወለተ ጴጥሮስ በሃይማኖት አይገናኙም፣ ቢገናኙም ይከራከሩ ነበር። ነገር ግን ሁለቱም ከባለጸጋ ቤት ወጥተው፣ ከሌሎች ሴቶች ጋር አንድ ማዕድ ቀርበው፣ ትልልቅ ሰዎች ሲያዟቸው እምቢ ያሉ ናቸው።

አሁን የልጅነት ጥያቄዬን ልመልስ። እኛ የምንኖረው ያልመረጥነው ድህነት ውስጥ ነው። በርበሬው ሲረክስ፣ በቆሎው ሲነቅዝ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲቀር የሚመጣው ድህነት ስእለት አይደለም፤ ማኅበራችንም የቆመው እሱን ለማሸነፍ ነው። ክላራም በግድ የተራበን ሰው ተራብ አላለችም፤ የራሷን ርስት ሸጣ ሰጠችው እንጂ። ከእሷ የምንወስደው ባዶ ቤትን ሳይሆን በቤቱ ውስጥ ማን እንደሚናገር ነው።

ስለዚህ የወፍጮው ብድር ያለ ጠቅላላ ጉባኤ እንዲፈረም ያቀረብኩትን አሳብ አንሥቻለሁ። የብድሩን መጠን፣ ወለዱን፣ የመክፈያውን ጊዜ፣ ብንከስር የእያንዳንዳችን ድርሻ ምን ያህል እንደሚሆን በወረቀት አዘጋጅተን በየቀበሌው እንልካለን። ማንበብ ለማይችሉት የተማሩት እህቶች ያነቡላቸዋል። ደጋፊዎቻችን የላካችሁትም ማን ምን እንደላከ በስብሰባው ይነገራል። ከፍልሰታ በኋላ ወንዙ ጎደል ሲል እንገናኝ። የማንኩሳዋ እናት በመጀመሪያው ረድፍ እንዲቀመጡልኝ እለምናለሁ።